የስድስት ሰው ሒሳብ

ከመገናኛ ጥግ፣ ከታክሲው ወረፋ፣
«አንድ ሰው የቀረው! ለገጣፎ! ሰንዳፋ!»
ይጣራል ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፤
«ይኸው መጣች!» አለ በዓይኑ እኔን ነጥሎ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬ በዚች ከተማ
እንዲህ የጠበቀኝ ሰው አልነበረኝማ፤
ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ጎዶሎውን ሞላሁ፣
በሁለት ጄሪካን መካከል ተሰካሁ።

ከአስፋልቱ ስወርድ ከተማዋ አለቀች፣
ወይም ያለቀች መስላ ራቅ ብላ ቀጠለች፤
ፎቅ ቤት በጅምሩ፣ መስኮት ያልገባለት፣
ከጣሪያው ላይ ብረት እንደ ፀጉር የቆመበት፣
ከጎኑ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ቀጥሎ
«ቦታው ተሽጧል» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሎ።
ከዚያ ወዲያ ውኃ፦ ድንገት፣ ሰፊ፣ ዝምተኛ፤
መሀሉ ጽድ የለበሰ የግንብ ገዳም፣ ብቸኛ።

«ደሴት አልነበረም» አለኝ ባለ ጀልባው ሙለታ፣
«ግድቡ ሳይመጣ ነበረ ኮረብታ፤
አባቴ በእግሩ ነው ለንግሥ የሄደበት፤
ያንኑ ጎዳና ዓሣ ነገሠበት።»
ቀጥሎ ከኋላዬ ሰው ፈልጎ ቃኘ፤
«የታሉ ሌሎቹ?» ማንንም አላገኘ።
«ብቻሽን?»
«ብቻዬን።»
«ባልሽስ? እህትስ? ወይስ ስለት ነው?»
«አይደለም። እንዲሁ። ማየት ፈልጌ ነው።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ደንቡ ስድስት ሰው ነው፣
ለአንድ ሰው አይቀዝፍም፣ ክንዱም ዋጋ አለው።
የስድስት ሰው ከፈልኩ። አምስቱ ባዶ ሄደ።
ጀልባዋ አዘነበለች፣ ሚዛኗ ተናደ፤
ድንጋይ ጫነ ከፊት፣ እኔን ወደ መሀል፤
«አንድ ሰው» አለና «ከስድስት ይከብዳል።»

ደወሉ ድንጋይ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊ ድንጋይ፣
ከወይራ የተሰቀለ፣ ከውኃው አፋፍ ላይ።
ሙለታ ስድስቴ መታው። ገረመኝ።
በእንግዳው ቁጥር ነው የሚመታው፣ ብሎ ነገረኝ።

መጡ አባ ጽጌ፣ ቢጫ ቀሚስ ላይ ሹራብ ደርበው፣
ስድስት እፍኝ ሽምብራ በሰፌድ ደልድለው።
ቆሙ። አዩኝ። ቆጠሩ። አንድ። እንደገና አንድ።
ሙለታ ሰማይ አየ፤ እኔ አየሁ መንገድ።
«የቀሩት ውኃው ላይ ናቸው?» አሉ ቀስ ብለው።
ቀልድ ይሁን ሥጋት ከድምፃቸው ሳልለየው
«አዎ አባ» አልኳቸው። ውሸት ነው። አይደለም ግን።
ሰፌዱን ሰጡና «ብሉ» አሉ ለሁላችን።

ሴት እስከ ቅጥሩ ነው። በበሩ ስንጥቅ ነው ያየሁት፦
የተላጠ ኖራ፣ ገመድ ያረጀበት፣
ግድግዳ የተደገፈ መቋሚያ፣ ባለቤቱ የሌለ፣
ከውስጥ የአንድ አዛውንት ሳል፤ ከዚያ ዝም አለ።
ዕድሜውን ብጠይቅ «የየቱን?» አሉኝ አባ፣
«የግንቡን ነው? ወይስ ውኃው ከገባ?
እኛ አልሄድንም እኮ፤ ቆመን ባለንበት
መንገዱ ነው የሄደ፣ ደኅና ሁኑ ሳይል፣ በአንድ ሌሊት።»

ግንድ ላይ ተቀምጬ በላሁ። አንደኛው የእኔ ነው።
ሁለተኛው እፍኝ የእናቴ ድርሻ ነው፤
የጉልበቷ ነገር ለጀልባ አይመች፣
«ሂጂ፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ» ብላ ቤት የቀረች።
ሦስተኛው የሥምረት፤ «አብረን ነን» ብላኝ
ጠዋት «ይቅርታ» የሚል መልእክት የላከችልኝ።
አራተኛው የእሱ፤ ስሙን አልጠራውም፤
ሽምብራ ይወድ ነበር፤ ሌላ አልናገርም።
አምስተኛው የአባቴ፤ በጉብዝናው አቡክቶ
የዚህን ግድብ ሲሚንቶ፣
ደሴት መሥራቱን ሳያውቅ ያረፈ፣
ቅንድቡ ላይ ሁሌ አቧራ የተረፈ።
ስድስተኛው እፍኝ ባለቤት አጣሁለት፤
ብዙ ሰው አሰብኩኝ፣ ማንም አልሆነለት።
በመሐረብ ቋጠርኩት።

ስንመለስ ሙለታ ድንጋዩን አልጫነም፤
ጀልባዋም አላዘነበለችም።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣
እሱም አልነገረኝም።

አመሻሽ ላይ ከአስፋልቱ ዳር
አንድ ታክሲ ቆሞ ነበር፤
«አንድ ሰው የቀረው! መገናኛ! አንድ ሰው!»
ገባሁ። በሩን ሊዘጋ ሲል «ቆይ» አልኩት፣ ክንዱን ይዤው።
«ሰው አለሽ እንዴ?»
መሐረቤን ዳበስኩ። ወደ ውኃው አየሁ።
«እንጃ» አልኩ።
ሳቁ ተሳፋሪዎቹ። በሩ ተዘጋ።
የሽምብራው ሽታ እስከ ኮተቤ ድረስ ከእኔው ጋ።